የቀለም ሥራ ተብሎ የተጀመረ ግንባታ፦ ፒክልቦል በአሜሪካ የሰፈር መናፈሻዎች ያስነሣው ውዝግብ

በሰፈር መናፈሻዎች ውስጥ የፒክልቦል ሜዳ መሥራት ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአሜሪካ ጎረቤትን ከተጫዋች፣ ነዋሪንም ከማዘጋጃ ቤት ጋር በምክር ቤት አዳራሽና በፍርድ ቤት ካፋጠጡት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። ነገሩን ከሩቅ የሚያይ ሰው የጥጋብ ጭቅጭቅ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ የጋራ ቦታ ለማን እንደሚውል፣ ያንን የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ የሕግ መለኪያም የሰው ጆሮ ከሚሰማው ነገር ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚጠይቅ በመሆኑ ከዚያ የሰፋ ትኩረት ይገባዋል።

ፒክልቦል በመረብ ለሁለት በተከፈለ ጠንካራ ሜዳ ላይ፣ ሁለት ወይም አራት ሰዎች ጠፍጣፋና ጅማት የሌለው ራኬት ይዘው ቀዳዳ የበዛበትን የፕላስቲክ ኳስ እየተቀባበሉ የሚጫወቱት፣ ከቴኒስ፣ ከባድሜንተንና ከጠረጴዛ ቴኒስ የተቀየጠ ስፖርት ነው። ጨዋታው የተፈለሰፈው በ1965 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ከተማ ማዶ በምትገኘው ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ ሲሆን፣ የፈለሰፉትም በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባልና የግዛቲቱ ምክትል ገዥ የሆኑት ጆኤል ፕሪቻርድ ከወዳጆቻቸው ከቢል ቤልና ከባርኒ ማክካለም ጋር ሆነው ነው። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በትምህርት ቤት ጂምናዚየሞችና በጡረተኞች መንደሮች ተወስኖ የቆየው ይህ ጨዋታ ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ በድንገት ተስፋፋ፤ የዋሽንግተን ግዛትም በ2022 ይፋዊ የግዛቱ ስፖርት አድርጎ በሕግ ሰየመው። የአሜሪካ የስፖርትና የአካል ብቃት ኢንዱስትሪ ማኅበር ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 ወደ 4.8 ሚሊዮን የነበረው የተጫዋቾች ቁጥር በ2023 ወደ 13.6 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ወደ 19.8 ሚሊዮን ደርሷል።

ይህን ያህል ሕዝብ ሜዳ ሲጠይቅ የከተማ መናፈሻ መሥሪያ ቤቶች ያገኙት መልስ በእጃቸው ያለው የቴኒስ ሜዳ ነበር። አንድ የፒክልቦል ሜዳ 20 በ44 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ተኩል በማይሞላ ወርድና 13 ሜትር ተኩል በማይሞላ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ፣ አንድ የቴኒስ ሜዳ ከዙሪያ ክፍት ቦታው ጋር አራት የፒክልቦል ሜዳዎችን ይይዛል። ቀድሞ ሁለት ወይም አራት ሰው ይጫወትበት በነበረው ቦታ አሁን ዐሥራ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጫወትበታል ማለት ነው፤ ወጪውም ጥቂት ቀለምና ተንቀሳቃሽ መረብ ብቻ ነው። በበጀት ለሚጨነቅ ኃላፊ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም። ለዓመታት የዘለቀው ውዝግብ ምንጩም ይኸው ርካሽነት ነው፤ ሥራው እንደ ቀለም ቅብ እንጂ እንደ አዲስ ግንባታ ስላልተቆጠረ፣ በብዙ ቦታ አዲስ ግንባታ የሚጠይቀው ጥናት፣ ማስታወቂያና የነዋሪዎች ስብሰባ ሳይካሄድ ሜዳው ሥራ ጀምሯል።

ጎረቤቶች ያነሡት ቀዳሚ ቅሬታ የድምፅ ነው። የቴኒስ ኳስ በሱፍ መሰል ጨርቅ የተለበደ ጎማ፣ የቴኒስ ራኬትም በጅማት የተወጠረ በመሆኑ ምቱ ሲያርፍ ሁለቱም ይለመጣሉ፤ በፒክልቦል ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ከጠንካራ ራኬት ጋር ስለሚጋጭ ድምፁ አጭርና ስለታም ይሆናል። የዚህ ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው የሚከማቸው ከ1,000 እስከ 1,200 ኸርዝ ባለው የንዝረት መጠን አካባቢ ሲሆን (ኸርዝ ማለት በአንድ ሰኮንድ ውስጥ የሚደረግ የንዝረት ብዛት ነው)፣ ይህም የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ከሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ጋር ይቀራረባል። የዘርፉ መሐንዲሶች በ100 ጫማ ወይም በ30 ሜትር ርቀት ላይ የፒክልቦል ምት እስከ 70 ዴሲቤል ሊደርስ እንደሚችል፣ የቴኒስ ምት ግን በዚያው ርቀት ወደ 40 እንደሚጠጋ ይገምታሉ። ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ሲሆን፣ እንደ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ በእኩል እርከን የሚጨምር አይደለም፤ በዐሥር በጨመረ ቁጥር ለሰው ጆሮ እጥፍ ያህል ሆኖ ስለሚሰማ፣ በ40 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት ስምንት እጥፍ ገደማ ነው።

ከመጠኑ በላይ ግን የሚያስመርረው የአመጣጡ ነገር ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያለማቋረጥ የሚወርድ ዝናብ እንቅልፍ ሲያመጣ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ መቼ እንደሚወድቅ ሳይታወቅ አንድ አንድ እያለ የሚንጠባጠበው ውኃ ግን እንቅልፍ ይነሣል፤ ፒክልቦልም በአራት ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጫወቱት ምቶቹ ያለ ሥርዓት ስለሚፈራረቁ አእምሮ ሊለምዳቸው ይቸገራል። ሕጉ ይህን ለመያዝ አልተዘጋጀም ነበር። ብዙዎቹ የከተማ የድምፅ ደንቦች የተጻፉት ለሞተር፣ ለማሽንና ለሙዚቃ፣ ማለትም ለተከታታይ ድምፅ በመሆኑ፣ ድምፁን በደቂቃዎች አማካይ የሚለካ መሣሪያ በምቶቹ መካከል ያለውን ጸጥታ ከምቶቹ ጋር አደባልቆ ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል። ነዋሪው በመስኮቱ የሚሰማውን፣ ተቆጣጣሪውም በመሣሪያው የሚያነበውን ይዘው ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ሊግባቡ ያልቻሉት ስለዚህ ነው።

መፍትሔው በመሠረቱ ርቀት መሆኑን ቀላል ስሌት ያሳያል። ገላጣ ቦታ ላይ ከአንድ ነጥብ የሚነሣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በ100 ጫማ 70 የነበረው በ200 ጫማ 64፣ በ400 ጫማ 58፣ በ500 ጫማ ደግሞ 56 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የኮሎራዶዋ ዴንቨር ከተማ በመኖሪያ አካባቢ በቀን የምትፈቅደው ወሰን 55 ዴሲቤል ነው። ከቤት አጥር 100 ወይም 150 ጫማ ብቻ ርቆ የተሠራ ሜዳ በዚህ ሕግ ሥር እንደማይዘልቅ ለማወቅ ውድ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት በሜትር መለካት ብቻ ነበር።

ዴንቨር ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው። ኮንግረስ ፓርክ በተባለው፣ ዙሪያውን በመኖሪያ ቤቶች በተከበበው መናፈሻ ውስጥ የነበሩት የፒክልቦል ሜዳዎች ለዓመታት ብዙ ተጫዋች ሲያስተናግዱ ከቆዩ በኋላ፣ የከተማዋ መናፈሻ መሥሪያ ቤት የጎረቤቶችን አቤቱታ ተከትሎ ባደረገው ማጣራት ድምፁ ከከተማዋ ደንብ በላይ መሆኑን በማረጋገጡ በሚያዝያ 2023 በቋሚነት ዘጋቸው። በዚያው ሰሞን በስሎንስ ሌክ ፓርክ ታቅዶ የነበረው የሜዳ ግንባታም ቀረ። በዚህ ውሳኔ የተከፉት ተጫዋቾች ክርክር ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከተማዋ ራሷ ፈቅዳ፣ ሰው ተሰብስቦበት፣ ወዳጅነት ተመሥርቶበት የኖረ ቦታ በአንድ ማስታወቂያ ሲዘጋ ጥፋቱ የተጫዋቹ ሊሆን አይችልም። ጥፋቱ የቦታ መረጣው ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ቦታውን ያልመረጡት ሁለቱ ወገኖች ናቸው።

የዴንቨር ጎረቤት የሆነችው ሴንቴኒያል ከተማ የተሻለውን ቅደም ተከተል ይዛለች። ምክር ቤቷ በዚያው ዓመት ከመኖሪያ ቤቶች በ500 ጫማ ክልል ውስጥ አዲስ የውጭ ሜዳ እንዳይሠራ ጊዜያዊ እገዳ ጥሎ ካስጠና በኋላ፣ ከ250 ጫማ ያነሰ ርቀትን የሚከለክልና ከዚያ ወዲያ ላለውም የድምፅ ጥናት የሚጠይቅ ደንብ አወጣ። እንዲህ ያለ ደንብ ባልነበረባቸው ቦታዎች ጉዳዩ የፍርድ ቤት እጅ ገብቷል፤ በማሳቹሴትስ ግዛት ኬፕ ኮድ ላይ በምትገኘው ፋልማውዝ ከተማ በትምህርት ቤት አጠገብ የተሠሩት ሜዳዎች ጎረቤቶች በመሠረቱት ክስ በፍርድ ቤት እግድ ተዘግተዋል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ቺሊዋክ ከተማ ደግሞ በ2023 አንድ ባልና ሚስት ከቤታቸው አጠገብ ያሉትን ሜዳዎች ተቃውመው የረሃብ አድማ እስከ መምታት ደርሰዋል።

ሆኖም ተቃውሞው ሁሉ ከጆሮ የመጣ አይደለም። በኒው ዮርክ ማንሃታን፣ ዌስት ቪሌጅ በተባለው ሰፈር የሚገኘው ሴራቫሊ የመጫወቻ ቦታ የአስፋልት ወለል ያለው፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ያልተመደበ ክፍት ስፍራ ሲሆን፣ የፒክልቦል ተጫዋቾች መስመር እያሰመሩና መረብ እየዘረጉ ሲሰባሰቡበት ኳስ የሚያንከባልሉና ብስክሌት የሚለማመዱ ልጆች ወደ ጠርዝ ተገፉ። ወላጆች ፊርማ አሰባስበው አቤት በማለታቸው የከተማዋ መናፈሻ መሥሪያ ቤት በ2022 መጨረሻ አካባቢ ጨዋታው ከዚያ እንዲወጣ አደረገ። በዚህ ጉዳይ የተነሣው ጥያቄ ባዶ የሚመስል ቦታ በእርግጥ ባዶ ነው ወይ የሚል ነው፤ በዕቅድ ካርታ ላይ ስም የሌለው አስፋልት ለሕፃናት ዋናው ሜዳቸው ነው፤ ሕፃናት ግን ማኅበር የላቸውም፣ በስብሰባም አይናገሩም።

በሲያትልም ተቃውሞው ሌላ መልክ ነበረው። በምዕራብ ሲያትል የባሕር ዳርቻ የተንጣለለውና በጥንታዊ ዛፎቹ የሚታወቀው ሊንከን ፓርክ ውስጥ ሜዳዎች ለመሥራት የቀረበውን ዕቅድ ነዋሪዎች የተቃወሙት በአብዛኛው ለአእዋፍና ለደኑ ጸጥታ በመቆርቆር ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱም በ2024 ዕቅዱን ትቶታል። ጨዋታው ከተወለደበት ደሴት ብዙም በማይርቅ መናፈሻ፣ የግዛቱ ይፋዊ ስፖርት በተባለ በሁለት ዓመቱ ቦታ ማጣቱ በራሱ የሚደንቅ ነው።

ተጫዋቾች ለተቃዋሚዎች የሚሰጡት የተለመደ ስያሜ አለ፤ «ይሠራ፣ ግን ከእኔ ደጅ ራቅ ይበል» ባይ የሚል ነው። ይህ ክስ አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው፤ ውድ ቤት ባለበት ሰፈር የሚነሣ ተቃውሞ የቤት ዋጋን ከመጠበቅ ፍላጎት ተለይቶ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ብቸኝነት ለሚያጠቃቸው አረጋውያን ይህን ያህል በትንሽ ወጪ የሚያገናኝ ሌላ ስፖርት ማግኘትም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ክሱ በጅምላ ሲሰነዘር አንድ ነገር ይሸፍናል። መንገድ፣ ትምህርት ቤት ወይም መጠለያ አንዱ ሰፈር ሲቃወመው ወደ ሌላው ሰፈር የሚገፋ ሸክም ነው፤ የፒክልቦል ሜዳ ግን ከየትኛውም ቤት ርቆ፣ በትልልቅ መናፈሻዎች እምብርት፣ በአውራ ጎዳና ዳር ወይም በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። በማንሃታን ሴንትራል ፓርክ ውስጥ በዎልማን የበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ላይ በ2023 የተከፈቱት 14 ሜዳዎች የማንንም መኝታ ቤት አያዋስኑም።

በመካከል የሚቀርቡት መላዎች ያግዛሉ፤ አይፈውሱም። ከባድ የድምፅ መከላከያ ሽፋን በአጥር ላይ ሲዘረጋ በጥሩ ሁኔታ 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሚሠራው በሜዳውና በአድማጩ መካከል ያለውን እይታ ከጋረደ ብቻ በመሆኑ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ብዙም አይጠቅመውም። የአገሪቱ የፒክልቦል ማኅበር ድምፃቸው ለቀነሰ ራኬቶችና ኳሶች የተለየ የማረጋገጫ ምድብ አውጥቷል፤ ቢሆንም በክፍት የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የእያንዳንዱን ተጫዋች ራኬት የሚፈትሽ ጠባቂ የለም። የሰዓት ገደብም የሌሊቱንና የማለዳውን ሰላም ይመልሳል እንጂ የቀኑን አይነካም።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በቨርጂንያ፣ አርሊንግተን ካውንቲ በሚገኘው ዋልተር ሪድ የማኅበረሰብ ማዕከል ያሉት ሜዳዎች በ2022 ጎረቤቶችን እስከ ክስ ማስፈራሪያ አድርሰዋል፤ ማዕከሉም የኢትዮጵያውያን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከሚገኙበት ከኮሎምቢያ ፓይክ ጎዳና ብዙም አይርቅም። በእንዲህ ያለው ክርክር ድምፁ የሚሰማው በአብዛኛው የቤት ባለቤቱ ነው፤ በአፓርታማ ተከራይቶ የሚኖረው፣ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛው የታክሲ ሹፌርና የነርስ ረዳት ግን ጉዳቱ ከማንም የባሰ ሆኖ ሳለ በስብሰባው ላይ እምብዛም አይታይም። በካውንቲ ቦርድና በመናፈሻ ኮሚሽን ስብሰባ አስተያየት ለመስጠት የቤት ባለቤትነት አይጠየቅም፤ በአጎራባቿ ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በሰፈሩ መናፈሻ አጥር ላይ የሜዳ ዕቅድ ማስታወቂያ ተለጥፎ ያየ አንባቢ፣ ተጫዋችም ይሁን ጎረቤት፣ ቀለሙ ሳይቀባ ሜዳው ከቅርቡ መኝታ ቤት መስኮት ስንት ጫማ እንደሚርቅ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።