ታንታለም፦ ተረቱና እውነታው

በአገራችን ታንታለም ሲነሳ ብዙ ሰው የጉጂውን የቀንጢቻ ማዕድን ማውጫ ያስባል፤ "ከወርቅ የበለጠ ብርቅ ነው" የሚለው ወሬም አብሮ ይነሳል። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። በምድር ቅርፊት ካለ አንድ ሚሊዮን ግራም ዐለት ውስጥ በአማካይ ከ1 እስከ 2 ግራም ታንታለም ሲገኝ፣ ወርቁ የግራም መቶኛ እንኳ አይሞላም። በኪሎ ሲመዘንም የታንታለም ዋጋ ከወርቅ በእጅጉ ያነሰ ነው። "ታዲያ ለምን ይፈለጋል?" የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በብረቱ ጠባይ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተረት "ታንታለምን ምንም አይነካውም" የሚለው ነው። ለዚህ እምነት ምክንያት አልጠፋም። ታንታለም የሚቀልጠው በ3017 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወርቅን የሚያሟሟው የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅም አይበግረውም። ሐኪሞች ለአጥንት መጠገኛ የሚጠቀሙበትም የሰውነት ፈሳሽ ስለማያበላሸው ነው። ይሁን እንጂ ጥንካሬው የመጣው ከኦክስጅን ጋር ፈጥኖ ከመዋሃዱ ነው። አየር እንደነካው ላዩ በስስ የኦክሳይድ ልባስ ይሸፈናል፤ ከሥር ያለውን ብረት የሚጠብቀው ይህ ልባስ ነው። ልባሱ ወሰን አለው፦ አየር ባለበት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል መከላከሉ ይዳከማል፣ የላመ ዱቄቱ በእሳት ይቀጣጠላል፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም ያሟሟዋል። ኢንዱስትሪው የሚፈልገውም ይህንኑ ልባስ ነው። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ በመሆኑ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ውፍረቱን እየመጠኑ በታንታለም ዱቄት ላይ ሲያሳድጉት በትንሽ ቦታ ብዙ ቻርጅ የሚይዝ ካፓሲተር ይሆናል። የእጅ ስልክንና የኮምፒውተርን ሰሌዳ ለማሳነስ ከረዱት አንዱ ይህ ነው።

"ጨረር አለው" የሚለው ሦስተኛው ስጋት ደግሞ ከባዶ የተነሳ አይደለም። የታንታለም ማዕድን ብዙ ጊዜ ዩራኒየምና ቶሪየም ስለሚቀላቀልበት በቁፋሮና በማጓጓዝ ጊዜ ጥንቃቄ የግድ ነው። የጠራው ብረት ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ታንታለም 181 የተባለው የተረጋጋ አይሶቶፕ ስለሆነ በዚህ አይታማም።

አስቸጋሪው ሥራ ታንታለምን አብሮት ከሚገኘው ከኒዮቢየም መለየቱ ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ኤኬበርግ በ1802 እ.ኤ.አ. ቢያገኘውም፣ እንግሊዛዊው ዊልያም ወላስተን በ1809 ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ነበር፤ ልዩነታቸውን ጀርመናዊው ሄንሪክ ሮዘ ያሳየው በ1844 ነው። ዛሬ ሁለቱን ለመለየት ማዕድኑ በቅድሚያ የሚሟሟው በዚያው በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ አሲዱ ደግሞ እጅግ አደገኛ ስለሆነ የተራቀቀ ፋብሪካና የሠለጠነ ኬሚስት ይጠይቃል። ስለዚህ ማዕድኑ ያለው አገር ከተቀበረው ቶን ብዛት ይልቅ ስለ ማጣሪያውና ስለ ባለሙያው አጥብቆ ሊያስብ ይገባል።