በሰው ደጅ የሚያልፍ መንገድ

ጄጁ ላይ ዝናብ ሞልቷል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ግን ከስንት አንዴ ነው። ከኮሪያ ልሳነ ምድር በስተደቡብ ያለችው ይህች ደሴት ከእሳተ ገሞራ የተወለደች ናት። መሬቷ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ የወረደውን ዝናብ ይመጠዋል። ውሃው የደቡብ ኮሪያ ከፍተኛ ተራራ ከሆነው ከሐላሳን (1,947 ሜትር) ተነሥቶ ከመሬት በታች ይጓዝና ባሕሩ ዳር ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ሰውም ውሃውን ተከትሎ ባሕር ዳር ሰፈረ። የቧንቧ ውሃ እስኪመጣ ድረስ ሴቶቹ ከእነዚህ ምንጮች የሚቀዱት ሆቦክ በሚባል የሸክላ ዕቃ ነበር። ድንጋዩ ያደናቅፋል፣ ነፋሱ ይገፋል፤ ስለዚህ እንደ እኛ አገር እንስራ በጀርባ ያዝሉት ነበር እንጂ በራሳቸው ላይ አይሸከሙትም ነበር።

የደሴቲቱ መንደሮች ዳር ዳሩን ይዘው የተሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ጄጁን የሚዞረው ኦሌ የተባለው የእግር መንገድም በአብዛኛው እነዚህን መንደሮች እያገናኘ ይሄዳል። ኦሌ በጄጁዎች አነጋገር ከመንደሩ መንገድ ወጥታ፣ በድንጋይ አጥር መካከል አልፋ፣ ግቢ ድረስ የምታደርስ ጠባብ መግቢያ ናት።

መንገዱን የጀመሩት ሶ ምዮንግ-ሱክ የተባሉ ጋዜጠኛ ናቸው። በደሴቲቱ ደቡብ ባለችው ሶግዊፖ ተወልደው አድገው፣ ሴኡል ውስጥ ረጅም ዘመን በጋዜጠኝነት ሠርተዋል፤ የአንድ ሳምንታዊ የዜና መጽሔት ዋና አዘጋጅ እስከ መሆንም ደርሰዋል። ሥራውን ተዉትና በ2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስፔን ሄደው የሳንቲያጎን የተሳላሚዎች መንገድ በእግራቸው ተጓዙ። እንዲህ ያለውን መንገድ ለትውልድ ደሴታቸው መመኘት የጀመሩት እዚያ ሳሉ ነው። የመጀመሪያው መስመር በሴፕቴምበር 2007 ተከፈተ፤ ሲሁንግ ከሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተነሥቶ፣ ከባሕር ውስጥ ፈንድቶ በወጣው በሶንግሳን ኢልቹልቦንግ ጉብታ አጠገብ ያልፋል። ዙሪያው በ2012 መጨረሻ ተገጣጠመ። በአቅራቢያ ባሉት ትንንሽ ደሴቶች ያሉት ተጨምረው ዛሬ መስመሮቹ 27፣ ርዝመታቸውም 437 ኪሎ ሜትር ነው።

አዲስ መስመር በሚከፈትበት ቦታ ግሬደር አይገባም፣ ሲሚንቶ አይፈስም፤ መንገዱ ለአንድ ሰው እግር የሚበቃ እንዲሆን ነው የታሰበው። በዝናው የቀደመው 7ኛው መስመር ላይ ሱቦንግ-ሮ የሚባል ቁራጭ አለ። መንገዱን ከሚያቀኑት ሰዎች አንዱ ፍየሎች የሚወጡበትን ገደል አይቶ፣ በአካፋና በዶማ ደረጃ እያወጣ የሠራው ነው፤ ስሙንም ለቦታው ሰጡት። ይህ ታሪክ ደስ ስለሚል ሁሉም ያወራዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ከኦሌ ብዙው የመንደር አስፋልትና የእርሻ መንገድ ነው። ጫካ ለጫካ እሄዳለሁ ብሎ የመጣ ሰው ቅር ይለዋል፤ በመንደሪን ማሳ አጥር ሥር፣ በዓሣ አጥማጆች መረብ ማስጫ፣ በአሮጊቶች የልብስ ማስጫ አጠገብ ነው የሚያሳልፈው። ማሳው ባለቤት አለው፣ ግጦሹም እንዲሁ። የከብት በር ሲያጋጥም ከፍቶ አልፎ መልሶ መዝጋት ግዴታ ነው፤ ባለመሬቱ ሐሳቡን ከቀየረ መንገዱ ይዞራል። ስለዚህ የቆየ ካርታ ይዞ መሄድ አይመከርም። ኦሌን ከሌሎች የእግር መንገዶች የሚለየው ይሄ ይመስለኛል፤ የቆመው በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው።

መንገዱን ስቶ መጥፋት ግን ይከብዳል። በየዛፉና በየስልክ እንጨቱ ላይ ሰማያዊና ብርቱካንማ ሪባን ጎን ለጎን ታስሮ ይውለበለባል፤ ሰማያዊው ለባሕሩ፣ ብርቱካንማው ለመንደሪኑ ነው። መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ የተቀባው ሰማያዊ ቀስት ወደፊት፣ ብርቱካንማው በተቃራኒው አቅጣጫ ይመራል። መገናኛዎች ላይ ደግሞ ጋንሴ የሚሉት የጄጁ ድንክ ፈረስ ቅርጽ ቆሟል፤ ራሱ ወደዞረበት መሄድ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ማህተም አለ። የኦሌ ፓስፖርት የሚባለውን ደብተር ገዝቶ ማህተሙን ሁሉ ያስመታ ሰው ሶግዊፖ ባለው የኦሌ ማዕከል የምስክር ወረቀት ይቀበላል።

ደሴቲቱ ላይ ለሚኖር የውጭ አገር ሰው ይህ መንገድ ለቱሪስቱ ከሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለው። ጄጁ ውስጥ ከቻይና የመጡ ነዋሪዎች፣ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ በምዕራብ በኩል ዴጆንግ ላይ ባሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ ፈረንጆች፣ በዓሣ ጀልባ ላይ የተቀጠሩ ቬትናማውያንና ኢንዶኔዥያውያን አሉ። ከ90 ቀን በላይ የሚቆይ ሁሉ ተመዝግቦ የነዋሪነት ካርድ ያወጣል። ካርዱን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ የደሴቲቱን ሥርዓት ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ መንገዱም የዚህ ትምህርት አንዱ ክፍል ነው።

ከቤት ኪራይ እንጀምር። የኮሪያ ዋና ምድር ላይ የታወቀው በየወሩ መክፈል ወይም ትልቅ መያዣ ማስቀመጥ ነው። ጄጁ ላይ ግን ብዙ አከራዮች የዓመቱን ኪራይ አንድ ላይ፣ በቅድሚያ ይፈልጋሉ፤ ዮንሴ ይሉታል። ቤት መቀየሪያውም ዘመን አለው። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መግቢያ መካከል ሲንጉጋን የሚባል አንድ ሳምንት ገደማ አለ። በጥንቱ እምነት ደሴቲቱን የሚጠብቁት 18,000 አማልክት በዚያ ሳምንት ሹመት ለመቀየር ወደ ሰማይ ይወጣሉ፤ ምድሪቱ ተመልካች ስለሌላት ዕቃ ማንሳት፣ ጣራ መጠገን፣ መጸዳጃ ቤት ማደስ ቁጣ አያመጣም። ዛሬም ቤት ፈላጊው፣ ባለ ጭነት መኪናው፣ የዕቃ መሸጫው ሁሉ የሚጣደፈው በዚያው ሳምንት ነው። አማልክቱን የማያምነው የሪል እስቴት ደላላም ቀናቸውን ያከብራል።

ቆሻሻም ሕግ አለው። ሰው ጥራጊውን ክሊን ሃውስ ወደሚባለው የሰፈር ጣቢያ ያደርሳል፤ ተራው ቆሻሻ በተወሰነ ከረጢት ገብቶ (ከረጢቱ በገንዘብ ይገዛል)፣ ፕላስቲኩ፣ ወረቀቱ፣ ብርጭቆው ለየብቻ ተለይቶ፣ አንዳንዱም በተመደበለት የሳምንቱ ቀን ብቻ። ባልተመደበው ቀን ፕላስቲክ ይዞ የመጣን ሰው ጎረቤቶች ዝም ብለው አያሳልፉትም። ከጁን መጨረሻ ጀምሮ የሚመጣው የክረምት ዝናብ ደግሞ ልብሱን፣ ጫማውን፣ ግድግዳውን ሁሉ ያሻግታል፤ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ከማቀዝቀዣ በፊት የሚገዛበት ቤት ብዙ ነው።

ባቡር የለም። 201 ቁጥር አውቶቡስ በምሥራቁ፣ 202 ቁጥር በምዕራቡ ጠረፍ ጄጁ ከተማንና ሶግዊፖን ያገናኛሉ፤ የኦሌ መስመሮች መነሻና መድረሻ ብዙው በእነዚህ ሁለቱ ይደረሳል። ሶግዊፖ በቀኑ ቁጥር መጨረሻ 4 እና 9 ሲሆን፣ ጄጁ ከተማ ደግሞ 2 እና 7 ሲሆን ገበያ ይቆማል። መኪና የሌለው ሰው በእግር መንገዱና በአውቶቡሱ መካከል ሲመላለስ አሮጊቶቹን ያውቃቸዋል፣ እነርሱም ያውቁታል። እዚህ በዕድሜ የሚበልጥን ጎረቤት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሳምቹን ይሉታል፤ በዋናው ምድር ኮሪያኛ ቃሉ አጎት ማለት ነው፤ ጄጁ ላይ ግን አሮጊቷም ሳምቹን ናት። ሳምቹን ብሎ ሰላም ያለ ባዕድ በዲሴምበር፣ መንደሪን በሚለቀምበት ወቅት፣ እጁን ባዶ አድርጎ ወደ ቤቱ መመለሱ ያጠራጥራል።

ከሳምቹኖቹ መካከል ሄኞዎቹ ይለያሉ። የኦክስጅን ጋን ሳይሸከሙ ወደ ባሕር ወለል ጠልቀው ዛጎል ለበስ ቀንድ አውጣና የባሕር ሣር የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው ቆይተው ብቅ ሲሉ ሱምቢሶሪ የሚባል ፉጨት ያሰማሉ፤ የሳንባ አየር ሲለቀቅ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ በጠረፉ መስመሮች ላይ የሚሄድ መንገደኛ ሰዎቹን ከማየቱ በፊት ፉጨታቸውን ይሰማል። ተንሳፋፊ ቅል (ዛሬ ፎም ነው) ላይ መረብ አስረው ያገኙትን ያጠራቅማሉ። በችሎታ ሦስት ማዕረግ አላቸው፤ መቼ ምን እንደሚለቀም በማኅበራቸው ይወስናሉ። በ1960ዎቹ ከ20 ሺህ ይበልጡ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሺህ አይሞሉም፣ ብዙዎቹም ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። ባህላቸው በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በ2016 ሲሆን፣ ውሳኔው የተላለፈበት ጉባኤ የተቀመጠው አዲስ አበባ ነበር።

የመንገዱ ሁሉ ወሬ ግን መንደሪንና ፉጨት አይደለም። በኤፕሪል 3 ቀን 1948 የተነሣው አመፅና እርሱን ተከትሎ የመጣው የመንግሥት ጭፍጨፋ እስከ 1954 ዘልቆ ከ25 ሺህ እስከ 30 ሺህ የሚገመት ሰው ፈጅቷል፤ ከደሴቲቱ ነዋሪ ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት ጉዳዩን ማንሳት ራሱ ያሳስር ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሮ ሙ-ህዮን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ2003 ነው። 18ኛው መስመር በጃንዋሪ 1949 ወታደሮች ባቃጠሉት በጎኑል-ዶንግ ያልፋል፤ ሰው አልተመለሰበትም፣ የቀረው የግቢዎቹ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። 7ኛው መስመር ወደ ጋንግጆንግ መንደር ይወስዳል፤ እዚያ ነዋሪው ለዓመታት የተቃወመው የባሕር ኃይል ሰፈር በ2016 ተመርቋል፣ ጉረምቢ የሚባለው የጠረፍ ዐለትም ለግንባታው በፈንጂ ተንዷል።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው 10ኛው መስመር ነው። ውበቱ አያንስም፤ የሳንባንግሳንን ተራራና የሶንግአክሳንን ገደል ያሳያል። ከዚያ ወደ አልትሩ ሜዳ ያወርዳል። ጃፓኖች ደሴቲቱን በያዙበት ዘመን የሠሩት የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በ1937 ናንጂንግን የደበደቡ አውሮፕላኖች ከዚህ ተነሥተዋል። የሲሚንቶ መጠለያዎቹ ዛሬም አሉ፤ በመካከላቸው ገበሬው ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያበቅላል። እዚያው አጠገብ በኦገስት 1950 ሰዎች ያለ ፍርድ የተረሸኑበት የሶታል ጉብታ ይገኛል። የቱሪስት ካርታ እንዲህ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አያሳይም፤ በእግር የሚሄድ ሰው ግን መዝለያ የለውም።

ስለ ደኅንነቱ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በጁላይ 2012 በ1ኛው መስመር ብቻዋን ትሄድ የነበረች ሴት ተገድላለች፤ መስመሩም ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተለይ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ሳይመሽ መጨረስ ይመከራል። በኤፕሪል ደግሞ ጎሳሪ የሚባለውን የሚበላ የፈርን ቡቃያ ለመልቀም ወደ ጉብታዎቹ የሚወጡ ሰዎች፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲያቀረቅሩ አቅጣጫ ይጠፋቸዋል፤ በየዓመቱ አዳኝ ይላክላቸዋል። ሪባኑን ትቶ ከሰዎቹ ጋር ወደ ሣሩ የሚገባ እንግዳም ዕጣው ያው ነው።

ለጀማሪ ጋፓዶ ይሻላል። ከሞሱልፖ አጠገብ ካለው ከኡንጂን ወደብ በጀልባ አሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል፤ 10-1 የሚባለው መስመሩ 4.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ደሴቱም ሜዳ ስለሆነ ከፍተኛው ቦታ ከባሕሩ ከ20 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በኤፕሪል ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ይለመልማል፣ ጎብኚውም ያን ጊዜ ይበዛል። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ስለማይነሳ ከቤት ሳይወጡ ወደቡን በስልክ መጠየቅ ነው፤ የለም ካሉ 10ኛው መስመር እዚያው አጠገብ፣ ሃሞ ላይ ያበቃል፤ ብርቱካንማውን ቀስት ተከትሎ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መሄድ ይቻላል።