ስም በኮዳ ላይ፦ የዱቄት ቀለምን በሌዘር መቅረጽ፣ ከነጥቅሙና ከነአደጋው

በውጭ አገር ትምህርት ቤቶች በየመማሪያ ክፍሉ የሚደረደሩት የልጆች የውሃ ኮዳዎች ብዙውን ጊዜ በቀለምም በቅርጽም አንድ ዓይነት ናቸው። በብዕር የተጻፈ ስም ከጥቂት እጥበት በኋላ ይደበዝዛል፤ የተለጠፈ ወረቀትም ይላጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋቸው እየቀነሰ የመጣው አነስተኛ የሌዘር መሣሪያዎች ግን ሌላ አማራጭ ይዘው መጥተዋል። ስምን፣ ሐረግን ወይም የማኅበር ዓርማን በማይዝግ ብረት ኮዳ ላይ ዕድሜ ልክ በሚቆይ መልኩ በቤት ውስጥ መቅረጽ ተችሏል። ልጁ በላቲን ፊደል ብቻ ተጽፎ የሚያየውን ስሙን፣ በየዕለቱ በሚይዘው ዕቃ ላይ በግዕዝ ፊደል እንዲያየው ለሚሹ ወላጆችም ይህ መልካም ዕድል ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ኮዳው በመሣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ጽሑፉ በኮምፒውተር ይዘጋጃል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይጠናቀቃል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ወደ ኋላ አይመለሱም፤ አንዴ የተነሣ ቀለምና አንዴ የተጎዳ ዓይን። በመሆኑም መሣሪያው ከመግዛቱ በፊት በኮዳው ገጽ ላይ የሚካሄደውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል።

የዱቄት ቀለም ምንድን ነው?

የአብዛኞቹ ዘመናዊ ኮዳዎች ቀለም በብሩሽ የተቀባ ፈሳሽ አይደለም። ፋብሪካው ደቃቅ የፖሊመር ዱቄትን በልዩ መርጫ ሲነፋ ለእያንዳንዱ ቅንጣት ኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል። ኮዳው ደግሞ ከመሬት ጋር በሽቦ የተያያዘ በመሆኑ ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ዱቄቱም ገጹን አልብሶ ይጣበቃል። ቀጥሎ ኮዳው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል በምድጃ ውስጥ ይቆያል። ዱቄቱ ይቀልጣል፣ ይያያዛል፣ ከዚያም ይጠነክራል።

በዚህ ጊዜ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው በኬሚካላዊ ትስስር ይቆላለፋሉ። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ፈሳሽ እንደማይሆን ሁሉ፣ በምድጃ ያለፈው ቀለምም ዳግም ቢሞቅ አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ሲበረታ ይበታተናል፣ ይተናል፣ ይቃጠላል እንጂ። ኮዳው ወድቆ ሲጋጭ ቀለሙ በቀላሉ የማይላጠው በዚህ ትስስር ምክንያት ነው። ውፍረቱ ግን ከ60 እስከ 80 ማይክሮሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ ነው። መላው የቅርጽ ሥራ የሚካሄደው በዚህች ስስ ሽፋን ውስጥ ነው።

ብርሃኑ ቀለሙን አንሥቶ ብረቱን የሚተወው ለምንድን ነው?

ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚመረጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው። የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ሲሆን በዓይን አይታይም። ፖሊመሮች ይህን ሞገድ አጥብቀው ስለሚመጡት ቀለሙ በቅጽበት ይግላል፤ ወደ ጋዝና ወደ ጭስም ይለወጣል። ብረት ደግሞ የዚህን ሞገድ አብዛኛውን ክፍል እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። በመሆኑም ጨረሩ ቀለሙን በስቶ ብረቱ ጋ ሲደርስ ሥራው ያበቃል ማለት ይቻላል። በቀለሙ መካከል የሚያበራው ነጭ ጽሑፍ የኮዳው የራሱ ብረት ነው።

ዋጋቸው አነስ ያሉት የቤት መሣሪያዎች በአብዛኛው 450 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጭ ዳዮድ ሌዘር ይጠቀማሉ። ይህ ብርሃን በዓይን የሚታይ በመሆኑ ውጤቱ በኮዳው ቀለም ላይ ይመሠረታል። ጥቁር ቀለም ብርሃኑን ስለሚመጥ ሥራው ፈጣን ነው። ነጭና ሰማያዊ ቀለሞች ግን የብርሃኑን ከፍተኛ ክፍል መልሰው ስለሚያንጸባርቁ ጨረሩ ደጋግሞ እንዲያልፍ ይገደዳል። ተጠቃሚው ትዕግሥት አጥቶ ኃይሉን ከመጠን በላይ ከጨመረ ብረቱ ራሱ ይግላል፤ ይጠቁራልም።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለኮዳ የሚውለው የማይዝግ ብረት በተለምዶ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል የያዘ ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ መከላከያ ገጽ ይሠራል፤ ይህ ገጽ ቢጫር እንኳ አየር ሲያገኝ ራሱን መልሶ ይተካል። ቀለሙ የተነሣለት ጽሑፍ እርጥበት ሲነካው የማይዝገው በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱ ከመጠን በላይ ሲግል ግን በገጹ አጠገብ ያለው ክሮሚየም ስለሚቀንስ ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ በዝቅተኛ ኃይል ጀምሮ፣ ተመሳሳይ ቀለም ባለው አሮጌ ኮዳ ላይ ሞክሮ፣ ቀስ በቀስ መጨመር ይመረጣል።

ክብ ዕቃ፣ ቀጥ ያለ ጽሑፍ

የሌዘር ጨረር በምስሪት ተሰብስቦ አንድ የተወሰነ ርቀት ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ይቀጥናል። ኮዳው ክብ በመሆኑ ግን ርቀቱ በየቦታው ይለያያል። ለምሳሌ 73 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ኮዳ ላይ ሳያዞሩ 20 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጽሑፍ ቢቀረጽ፣ የጽሑፉ ዳር ከመሐሉ 1.4 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር ሲያድግ ዝቅታው ወደ 6 ሚሊሜትር ይደርሳል። በዚህ ጊዜ መሐሉ ጥርት ብሎ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል።

መፍትሔው ኮዳውን እንደ ጥብስ እንጨት በዝግታ የሚያሽከረክር ማዞሪያ ነው። ማዞሪያው በትክክል እንዲሠራ የኮዳው ዙሪያ ልኬት ለኮምፒውተሩ መነገር አለበት፤ 73 ሚሊሜትር በ3.14 ሲባዛ 229 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ልኬቱ ከተሳሳተ ክብ የነበረው ቅርጽ ሞላላ ይሆናል፣ ጽሑፉም ይሳሳባል ወይም ይጨማደዳል። ኮዳው ወደ አፉ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነም ጽሑፉን ወጥ ስፋት ባለው የኮዳው ክፍል ላይ መወሰን ይበጃል።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጥያቄ

የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 መለያ ውስጥ ተካተዋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ያነቧቸዋል። የሌዘር ፕሮግራሞች ግን ሁልጊዜ በትክክል አያሳዩአቸውም፤ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን የሚመጣበት ጊዜ አለ። አስተማማኙ መንገድ ስሙን እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ባሉ የፊደል ቅርጾች በሥዕል ፕሮግራም ላይ መጻፍ፣ ከዚያም ጽሑፉን ወደ መስመራዊ ሥዕል መለወጥ ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚያየው ሥዕል እንጂ ፊደል ስላልሆነ የሚሳሳትበት ምክንያት አይኖርም።

ሁለተኛው ጉዳይ መጠን ነው። በአማርኛ አንድን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙውን ጊዜ በፊደሉ ጎን ወይም እግር ላይ ያለች ትንሽ ምልክት ናት። የ«ቤ» ቀለበት በሙቀት ከተደፈነች «ቢ» ትመስላለች፤ «ቤቲ» የተባለችው ልጅም በኮዳዋ ላይ «ቢቲ» ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ፊደሉን ጎላ አድርጎ፣ ቀጫጭን ጌጥ የበዛበትን የፊደል ቅርጽም ትቶ መጻፍ ይመከራል። የጥንቱ ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ፍቆ እንደገና ይጽፍ ነበር። በዚህ ሥራ ግን መጻፉ ራሱ መፋቅ በመሆኑ የሚታረምበት ቦታ የለም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጽሑፉን በወረቀት አትሞ፣ በኮዳው ላይ ጠቅልሎ፣ ፊደሉን ጠንቅቆ ለሚያውቅ የቤተሰብ አባል ማሳየት አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

ሌዘር የሌለው ሰው መንገድ

ሌዘር የሌላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ቀለም ማስለቀቂያ ጄል ነው። ቪኒል በሚባለው ተለጣፊ ፕላስቲክ ላይ ስሙ ተቆርጦ ይወጣና ፕላስቲኩ በኮዳው ላይ ይለጠፋል፤ በተከፈተው ቦታ ላይ ጄሉ ይቀባል። ጄሉ የተቆላለፈውን ፖሊመር አያሟሟውም፤ ውስጡ ገብቶ ያሳብጠዋል፣ ከብረቱም ያላቅቀዋል። በዚህ መንገድ የሚቸግረው እንደ «መ»፣ «ወ»፣ «ዐ» እና «ፀ» ያሉ ፊደላት ናቸው። በውስጣቸው የተዘጋ ክብ ስላላቸው መሐል ያለችው ቁራጭ ለብቻዋ በጥንቃቄ መለጠፍ አለባት፤ አለበለዚያ ክቡ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን የጄሉ ይዘት ነው። በቀድሞ ማስለቀቂያዎች ውስጥ በብዛት ይገኝ የነበረው ሜቲሊን ክሎራይድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ አየር በሌለበት ክፍል የተጠቀሙበት ሰዎችም ሞተዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ለቤት ተጠቃሚዎች ቀለም ማስለቀቂያነት እንዳይሸጥ አግዶ፣ በ2024 ክልከላውን ወደ አብዛኞቹ አገልግሎቶች አስፍቶታል። የአውሮፓ ኅብረትም ከዚያ ቀደም ብሎ ለሸማቾች እንዳይሸጥ ከልክሏል። ክልከላው በማይደርስባቸው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች በዕቃው ላይ የተጻፈውን ይዘት ማንበብ ይኖርባቸዋል። የቱንም ዓይነት ጄል ሲጠቀሙ ኬሚካል የሚቋቋም ጓንት፣ መነጽርና ክፍት አየር የግድ ናቸው።

ኤሌክትሪክንና የጨው ውሃን ተጠቅሞ ብረቱን ራሱን መቅረጽም የሚሞክሩ አሉ። ይህ አሠራር የክሎሪን ጋዝ እንዲሁም ካንሰር አምጪ የሆነውን ባለ ስድስት ሙል ክሮሚየም ሊፈጥር ስለሚችል ለቤት ውስጥ አይመከርም።

ዓይን፣ ሳንባና እሳት

ከግማሽ ዋት በላይ ኃይል ያላቸው ሌዘሮች በደኅንነት ምደባ አራተኛው፣ ማለትም እጅግ አደገኛው ክፍል ውስጥ ይመደባሉ። ለቅርጽ የሚሸጡት መሣሪያዎች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ሰማያዊው ብርሃን በዓይን ብሌን አልፎ ሬቲናን ያቃጥላል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨረር ደግሞ የዓይንን የፊት ሽፋን ይጎዳል። ቀለሙ የተነሣለት ብረት እንደ ጎባጣ መስተዋት ጨረሩን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ስለሚመልስ አደጋው ከመሣሪያው አጠገብ ብቻ አይደለም።

የፀሐይ መነጽር ለዚህ አይጠቅምም። መነጽሩ ለሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ተለይቶ የተሠራ መሆን አለበት። ጥርት ያለ ፕላስቲክ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን ሲያግድ ሰማያዊውን ብርሃን ግን ያሳልፋል፤ አንዱ ለሌላው አይተካም። ልጆች ባሉበት ቤት የተሻለው ምርጫ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነና ክዳኑ ሲከፈት ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያ ነው።

የሚቃጠለው ቀለም ጭስ በማራገቢያና በቱቦ ከቤት መውጣት አለበት፤ መስኮት መክፈት ብቻውን በቂ አይደለም። ቪኒልን በሌዘር መቁረጥ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በውስጡ ክሎሪን ስላለው ሳንባን የሚጎዳና መሣሪያውን የሚያዝግ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያመነጫል። ሌዘሩ በሥራ ላይ እያለ ትቶ መሄድም አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የእሳት ማጥፊያው ሥራው ከመጀመሩ በፊት አጠገብ መገኘት አለበት።

የኮዳው የታችኛው ክፍልም ሳይነካ ይቀር ዘንድ ያስፈልጋል። ጄምስ ደዋር እ.ኤ.አ. በ1892 በፈለሰፈው ሐሳብ መሠረት፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚጠብቁ ኮዳዎች በሁለት ግድግዳዎቻቸው መካከል አየር የሌለበት ክፍተት አላቸው። አንዳንድ አምራቾች ይህን ክፍተት የሚዘጉት ሥር ላይ በሚገኝ እርሳስ ባለበት ብየዳ ነው። ብየዳው በክዳን እንደተሸፈነ ለተጠቃሚው ጉዳት የለውም፤ ክዳኑን ማንሣት ወይም በሌዘር ማቃጠል ግን መርዛማውን ብረት ያጋልጣል። አንድ ግድግዳ ብቻ ያላቸው የአሉሚኒየም ኮዳዎችም ውስጣቸው በሌላ ሽፋን የተለበጠ በመሆኑ ሙቀቱ ሽፋኑን ሊጎዳው ይችላል።

ለአንድ ኮዳ ሲባል መሣሪያ መግዛት ግድ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ በሄልሲንኪ የሚገኘው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ሌዘርን ጨምሮ የእጅ ሥራ መሣሪያዎችን ለሕዝብ ያቀርባሉ። መሰል ሥፍራዎች በሌሎች ከተሞችም እየተበራከቱ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ተዘርግቷል፣ መሣሪያው ተሸፍኗል፣ የሚያሠለጥን ባለሙያም አለ። ቤተሰቡ ይዞ መሄድ ያለበት ኮዳውን፣ በትክክል የተጻፈውን ስምና ስሙን የሚያውቅ አንድ አንባቢ ነው።