አንድ ፊልም፣ ሁለት ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከተራዊሕ በኋላ አንድ አባት መስጂዱ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ሸኽ፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኢፍጣር በኋላ የሚያዩት አንድ ተከታታይ ፊልም ነው። ትልቁ ሰይፍ ሲመዘዝ ደስ ይለዋል፤ ትንሹ ግን ሌሊት ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ብሏል። የቱ ነው የታመመው?» አለኝ።

ማናቸውም አልታመሙም። አላህ ሰውን በአንድ ዓይነት ጠባይ አልፈጠረውም። ማርቪን ዙከርማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፤ ጸጥታ ቶሎ የሚሰለቻቸው፣ ልባቸው እንዲመታ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ድብድብና ደም ያለበት ፊልም ይበልጥ የሚስባቸውም ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ «ክፉ» እያሉ መስደብ አይገባም። ኳስ ያጫውቱት፤ ለጎረቤት ሾርባና ሳምቡሳ እንዲያደርስ ይላኩት።

ነገር ግን «ጠባዩ ነው» ብሎ መተውም አይሆንም። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት በኋላ ያንኑ ደገሙት፤ የተናገረውን ቃል ሳይቀር። በ1963 ደግሞ በፊልም ያዩትም እንደዚያው አደረጉ። በቁርአን ቤት ላደግን ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ ሕፃን ሐርፉን የሚይዘው ከኡስታዙ አፍ ነው። በ1965 የታየው ግን እኔንም አስደንግጦኛል፦ ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ብዙም አልደገሙትም፤ ሲሸለም ያዩት ግን ደገሙት።

በተከታታይ ፊልሞቻችን ደግሞ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጀግናው ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሲሰድቡት ጾመኛ መሆኑን ተናግሮ እንዲያልፍ አስተምረዋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ይህን ሲለማመድ ይውልና፣ ማታ ስድብን በሰይፍ የሚመልስ ሰው ሲጨበጨብለት ያያል።

የትንሹ ነገር ሌላ ነው። ጆርጅ ገርብነር የተባለ ተመራማሪ ቴሌቪዥን የሚያበዙ ሰዎች ዓለምን ከሆነው በላይ አስፈሪ አድርገው እንደሚያስቡ ጽፏል። ይህን ልጅ «ወንድ አይደለህም?» ማለት ፍርሃቱን እንዲደብቅ ያደርገዋል እንጂ አያድነውም። ምን እንዳስፈራው ይጠይቁት፤ ፊልሙን ግን አያሳዩት።

አባትየው ጥቂት ዝም አለና «እውነቱን ልንገርዎት ሸኽ፣ ፊልሙን የምከፍተው እኔ ነኝ» አለኝ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ቴሌቪዥኑ እንዲዘጋ ተስማማን። ትናንት ሳገኘው ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ትልቁ ልጅ አሁንም እንዳኮረፈ ነው።