የተሰቀለ ሁሉ የምጥ ማስታገሻ አይደለም

እዚህ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር፣ ስለ ወሊድ በተወራ ቁጥር ከእህቶቻችን ደጋግመን የምንሰማት አንዲት አባባል አለች። «ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ምጡ ግን ጭራሽ ባሰብኝ» ይላሉ። ባልም በር ላይ ቆሞ «መርፌ ወግተዋታል፣ አሁን ይቀላታል» እያለ ራሱን ያጽናናል። ለመሆኑ በደም ሥር የሚገባው ነገር ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ውሃ፣ ስኳር ወይም ጨው ነው። ለደከመችና ለጠማት ሴት ይጠቅማል እንጂ ሕመም አያስታግስም። አንዳንዴ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ኦክሲቶሲን ይጨመራል። ይሄ ምጡ ለዘገየባት ሴት ማህፀኗ በርትቶ እንዲኮማተር የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሕመሙ ቢጨምር አይገርምም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው። ጠብታው እየተቆጠረና የልጁ ልብ ምት እየተደመጠ መሰጠት ግን አለበት።

ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዋላጇ አማርኛ ካልሰማች በጁባ ዓረብኛ «ዳዋ ደ ታ ሹኑ?» ማለት ይበቃል፤ ይሄ መድኃኒት ለምንድን ነው ማለት ነው። ሕመም ደግሞ «ወጃ» ነው።

እውነተኛው የምጥ ማስታገሻ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ፔቲዲን ይባላል። በጀርመን አገር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በጡንቻ ሲወጋ ለመሥራት ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ በደም ሥር ሲሰጥ ግን መጠኑ አንሶ በአምስት ደቂቃ አካባቢ ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ሰዓትም ያቆያል። ሕመሙን ጨርሶ አያጠፋም። የወሰዱት ሴቶች ብዙዎቹ «ምጡ አለ፣ ግን ራቅ አለልኝ» ነው የሚሉት። ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ አብረውት ይመጣሉ።

ዋናው ጭንቀት ልጁ ነው። ፔቲዲን በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። መርፌው ከተሰጠ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ከተወለደ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። አዋላጇ «አሁንማ ደርሰሻል፣ አልሰጥሽም» ብትል ጭካኔ አይደለም፤ ሰዓቱን እያሰላች ነው። ከዚህ በፊት ስንት ልጅ እንደወለድሽ የምትጠይቅሽም ለዚህ ነው፤ ሁለት ሦስት የወለደች ሴት ምጧ በድንገት ሊፈጥን ይችላል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል የሕፃን ማስተንፈሻ ከረጢትና ጭምብል፣ እንዲሁም ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ መኖር አለበት። እነዚህ ከሌሉ መርፌውም ቢቀር ይሻላል ባይ ነን።

ፌንታኒል ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፣ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየው። ሞርፊንና ትራማዶልም አሉ። ሬሚፌንታኒል የሚባለውን ሴትየዋ ራሷ ቁልፍ እየተጫነች ትወስደዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ በ401 ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ከፔቲዲን መርፌ ይልቅ ለሕመሙ እንደሚሻል አሳይቷል። ነገር ግን ከአጠገቧ የማትለይ አዋላጅና ኦክስጅን ስለሚፈልግ ለእኛ ሩቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ባወጣው መመሪያ ጤነኛ ነፍሰ ጡር ማስታገሻ ከፈለገች ፔቲዲንና ፌንታኒል ከአማራጮቹ መካከል ናቸው ብሏል። ልብ በሉ፣ «ከፈለገች» ነው የሚለው፤ ምርጫው የእሷ ነው።

ታዲያ ጁባ ውስጥ ለምን አይሰጥም? እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገ የቤተሰብ ጥናት በደቡብ ሱዳን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት 2,054 እናቶች ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በጁባ የነርስና የአዋላጅ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ጭንቀት ሕይወት ማትረፍ ነበር፣ ሕመም ወደ ኋላ ቀረ። ይገባናል። ይሁንና የሴትየዋ ስቃይ ከቁጥር የማይገባ ነው ማለት አይደለም። ማስታገሻዎቹም ቁጥጥር ያለባቸው፣ በቁልፍ የሚቀመጡ ናቸው፤ በትንሽ ጤና ጣቢያ አይጠበቁም። ካቶር ያላችሁም ሆነ ከጎሮም መጠለያ ሪፈር ተጽፎላችሁ የምትመጡ፣ ምጥ ሳይጀምር በእርግዝና ክትትል ጊዜ «እዚህ ምን ማስታገሻ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባሎች ሆይ፣ ከመድኃኒት ቤት መርፌ ገዝታችሁ እቤት የሚወጋ ሰው አትጥሩ። ማስታገሻው እናቲቱንም ልጁንም ትንፋሽ ሊያሳጣ፣ ያለ ልክ የተሰጠ ኦክሲቶሲንም ማህፀን ሊቀድ ይችላል። በዚያ ላይ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ የጁባን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

መርፌ በሌለበትም የሚደረግ አለ። መንቀሳቀስ፣ ወገብን ማሸት፣ ከጎን የምታምናት ሴት መቀመጥ፣ እነዚህንም መመሪያው ይደግፋቸዋል። እናቶቻችን «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ወገብ ይዘው ሲያዋልዱ የኖሩት ይህንኑ ነው። መጮህም ይፈቀዳል፤ ዝም ብላ የወለደችው ጀግና፣ የጮኸችው ፈሪ የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበልም።

ፔቲዲን የወሰደች እናት ልጇ የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ቢያንቀላፋና ጡት ለመያዝ ቢሰንፍ የመድኃኒቱ ቅሪት ሊሆን ይችላል። ከደረቷ አስጠግታ፣ እየቀሰቀሰች፣ ቶሎ ቶሎ ታቅርብለት። ጨርሶ አልጠባ ካለ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ግን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ነው።