በመዳፍ ላይ የሚቆም ቬስፓ

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች መስታወት ፊት ቆሞ የአንገት መስቀል ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል። አንጥረኛው የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ጠምዝዞ አበባ ያደርገዋል፤ አበባውን ከአበባ ይበይዳል፤ ብየዳው ግን ለዓይን አይታይም። ይኸው እጅ ሌላ ሥራ ቢሰጠው ሞተር ሳይክል ሊያወጣ ይችላል። ቸርኬው፣ ማርሚታው፣ ፓራፋንጎው፣ የፍሪሲዮን ገመዱ ሳይቀር በቦታው ያለ፣ ግን መዳፍ ላይ የሚቆም ሞተር ሳይክል።

እውነተኛውን ማሽን በልኩ አሳንሶ መሥራት በጃፓንና በጣሊያን ትልልቅ ፋብሪካዎችን ያቆመ ሙያ ነው። መሠረቱ ስኬል የሚባለው የመጠን ስሌት ነው። ለሞተር ሳይክል በብዛት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፦ አንድ ስድስተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ እና አንድ አሥራ ሁለተኛ። የድሮ ቬስፓ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ስድስተኛ ሲሠራ 6.3፣ በአንድ ዘጠነኛ 4.2፣ በአንድ አሥራ ሁለተኛ ደግሞ 3.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው የሚጀምረው ትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ሲደረስ ነው። ቸርኬን ከመሐሉ ጋር የሚይዘው ሽቦ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ አሥራ ሁለተኛ ሩብ ሚሊ ሜትር ላይ ይወርዳል። ፕላስቲክን በሻጋታ አፍስሶ እንዲህ ማቅጠን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የሚመጣው ቸርኬ ሽቦው ብዙ ጊዜ ይወፍራል፤ ሠሪው የፕላስቲኩን ሽቦ ቆርጦ ይጥልና ቸርኬውን ዙሪያውን በመርፌ በስቶ በብረት ሽቦ ይወጥረዋል። የፒያሳ አንጥረኛ ለዚህ የሚሆን ሽቦ ከሱቅ አይፈልግም። ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱበት የብረት ሰሌዳ ውስጥ እየሳበ የሚፈልገውን ቅጥነት ራሱ ያወጣል።

በዚህ ሙያ ውስጥ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ሰው ጣሊያናዊው ታርኲኒዮ ፕሮቪኒ ነው። ፕሮቪኒ ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በ125 ሲሲ፣ በ1958 ደግሞ በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1966 በእንግሊዝ አቅራቢያ ባለችው የማን ደሴት ውድድር ክፉኛ ወድቆ ጀርባው ተጎዳ፤ መወዳደሩም በዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን የመሠረተው ሞተር ሳይክሎችን በአንድ ዘጠነኛ አሳንሶ በሚሠራው ፕሮታር በተባለው ድርጅቱ ላይ ነው። እነዚያን ማሽኖች በጉልበቱና በጀርባው የሚያውቃቸው ሰው ስለነበር፣ ዝርዝራቸውን ከፎቶግራፍ ብቻ መልቀም አላስፈለገውም። ጃፓን ውስጥ የሺዙኦካው ታሚያ በበኩሉ የሆንዳን ሲቢ 750 በአንድ ስድስተኛ አውጥቷል፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ርዝመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ከሳጥን የወጣን ነገር እንደ መመሪያው መግጠም ግን የሥራው መግቢያ ነው። ዋናው ሥራ የራስ ማድረግ ነው። ፒያሳን የሚያውቅ ሰው ቬስፓ ልሥራ ቢል፣ ሮም ጎዳና ላይ የቆመ አዲስ ቬስፓ ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው አራዳ የኖረውን ነው። ሰሌዳው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ መቀመጫው አንዴ ተቀድዶ በሌላ ቀለም ቆዳ የተሰፋ፣ ከፊቱ ፓራፋንጎ ላይ ተላግቶ በስቱኮ የተደፈነ፣ ስቱኮው ላይ የተቀባው ቀለም ከዋናው ጋር በጥቂቱ የሚለያይ። ይህን ሁሉ ፋብሪካ አይሠራለትም፤ አይቶ መዝግቦ ራሱ ይጨምረዋል።

ቬስፓ ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ የሆነችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲያወጣት መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ሰው ነበር። ሞተሯን ሸፈነው፤ በቱቦ ሻንሲ ፈንታ የታጠፈ ላሜራ ራሱ አካል ሆኖ እንዲሸከም አደረገ፤ የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን ማረፊያ በአንድ ጎን ክንድ ብቻ አንጠለጠለው። እንግዲህ ሌላው ሞተር ሳይክል ላይ ዓይን በካንዴላውና በቱቦው መሐል ሲዞር ስሕተት ይደበቃል። ቬስፓ ላይ መደበቂያ የለም፤ ያለው የላሜራው ጉብታ ብቻ ነው። የእውነተኛው ላሜራ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በአንድ አሥራ ሁለተኛ ሲታሰብ ከወረቀት ብዙም አይበልጥም። ለእግር መከላከያ ተብሎ ከፕላስቲክ የሚወጣው ክፍል ጠርዙ ወፍራም ስለሚሆን ሥራውን ከሩቅ ያሳጣዋል። መፍትሔው እንጨት ቀርጾ ቅርጹን ማውጣት፣ ከዚያ በእሳት ያለሰለሱትን ስስ መዳብ እላዩ ላይ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ማስያዝ ነው። መዳቡ ሲመታ ይደድራል፤ ደግሞ በእሳት ይለሰልሳል፤ ደግሞ ይመታል። ይህን ለፒያሳ አንጥረኛ ማስተማር አያስፈልግም።

ቀለም ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። መጀመሪያ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፤ ከዚያ በውሃ እየተነከረ በሚሞረድ ይበልጥ ስስ በሆነ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀጥሎ የሥር ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ስስ ስስ ሆኖ በየተራ፣ እያንዳንዱም እየደረቀ። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ የቀባ ሰው የበርና የክዳን መስመሮችን ይደፍናቸዋል። ሌላም አለ፦ ከትልቁ ማሽን ላይ የተወሰደ ቀለም እንዳለ ትንሹ ላይ ቢቀባ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ሠሪዎች ቀለሙን ጥቂት ነጭ ጨምረው ያቀሉታል። ብልጭልጭ ቅንጣት ያለው ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ቅንጣቱ በልኩ ስላልቀነሰ ማሽኑ ላይ ጠጠር የተነሰነሰ ይመስላል። ማርሚታው ደግሞ ሙቀት ያየ መሆን አለበት፤ ከሞተሩ አጠገብ ወደ ሰማያዊ፣ ራቅ ሲል ወደ ቢጫ የሚሄድ። እውነተኛ ብረት ሲግል የሚያሳየው ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ ነው ማለት ደግሞ ልክ አይመስለኝም። በልጅነቱ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ፣ ረጅም መሪ አበጅቶ መኪና ያልነዳ ስንት አለ? ልጁ ያለ ስኬል ይሠራል እንጂ የሚፈልገው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ ያየውን ማሽን ሠርቶ የራሱ ማድረግ። ለዚያ ልጅ ቬርኒየር መለኪያ፣ ጉጠትና ቀጭን ሞረድ ቢጨመርለት መንገዱ ተጀምሯል። ለጥሬ ዕቃውም መርካቶ ምናለሽ ተራ ቅርብ ነው፤ ከተሰበረ ሰዓት ጥርስ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የመዳብ ሽቦ ይገኛል።

የእጅ ሙያተኞች መንደር የነበረው ሠራተኛ ሰፈርም ያለው በዚሁ በአራዳ ነው። በምኒልክ ዘመን ከመጡት አርመኖችም መካከል አንጥረኞች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም ባወጁት አዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እየተባለ የሚናቀው ሰው ለአገር የሚሠራ መሆኑን አስታውቀዋል። መዳፍ በማይሞላ ሥራ ላይ ወራት የሚያጠፋ ሰው ይህ ክብር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው አሁን እንዲጀመር የምወተውተውም በምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም ክረምት በአዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል እንዳይነዳ ተከለከለ። ከ2016 ዓ.ም መጋቢት ጀምሮም ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ የፒያሳ ክፍል ፈርሷል። ማሽኖቹም ሰፈሩም ከዓይን እየራቁ ነው፤ ሞዴል የሚሠራው ደግሞ ከልኬት ነው። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለው ርቀት፣ የመሪው ስፋት፣ የመቀመጫው ከፍታ ከመሬት፣ የፊት መብራቱ ስፋት፤ እነዚህ አራቱ ከታወቁ ሌላውን ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ በቀጥታ ከተነሣ ፎቶግራፍ ማውጣት ይቻላል። ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ ቬስፓ ያለው ጋሼ ወይም እትዬ ካለ፣ ባለሙያው ሜትሩን ይዞ ፈቃድ ይጠይቃቸው። ሸራው ይነሣ፤ ፎቶው ከሩቅ፣ በማሽኑ ወገብ ቁመት ልክ ይነሣ፤ ቁጥሮቹ በደብተር ይጻፉ። የክላክሱ ቁልፍ የት እንደነበረ፣ ሰልባትዮው ስንት ሊትር ይይዝ እንደነበረ፣ ማን ቀለም እንደቀባው ባለቤቱ እያሉ ይጠየቁ።