የመተማ ሌሊትና የከዋክብቱ ምልክት

ወደ መተማ የሚመደብ ወጣት ሠራተኛ ስለ ቆላው ሙቀት የሚነገረውን ሁሉ ሰምቶ ነው የሚሄደው። ስለ ሰማዩ ግን የሚነግረው ሰው አያገኝም። በበጋው ወራት ሙቀቱ ስለሚበረታ ብዙ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ አውጥቶ ያድራል፤ ደጅ ያደረ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ጥቂት ቀና ብሎ ቢመለከት፣ በደጋ ያለ ወዳጁ በቀላሉ የማያገኘውን ትምህርት ያለ ክፍያ ያገኛል።

ይኸውም እንዲህ ነው። መተማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 13 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ስለዚህም የሰሜን ኮከብ ከአድማሷ በላይ 13 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅን ከአድማስ ላይ ቢያስቀምጡት 10 ዲግሪ ገደማ ይለካልና ኮከቡ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታው 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰውማ ተራራው ይጋርድበታል፤ የመብራቱ ነገር ሳይነሣ። የመተማ ሜዳ ግን አድማሱን እስከ ዳር ይከፍተዋል።

የሰሜን ኮከብ ከሁሉ የሚያበራ ኮከብ ነው የሚባለው ስሕተት ነው። ብርሃኑ መካከለኛ ስለ ሆነ መሪ ያስፈልገዋል። በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊቱን ወደ ሰሜን መልሶ የቆመ ሰው፣ ከትልቁ ድብ የሚቆጠሩትን ሰባት ከዋክብት እንደ ተገለበጠ ጭልፋ ሆነው ያያቸዋል። ከእጀታው ማዶ፣ በጭልፋው ጫፍ ያሉትን ሁለቱን ይያዝ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አምስት ጊዜ ወደ ታች ቢለካ ከሰሜን ኮከብ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት ወደ ኋላው ዞር ቢል ደግሞ የደቡብ መስቀል አራት ከዋክብት ቀጥ ብለው ቆመው ያገኛቸዋል፤ የግርጌው ኮከብ ከአድማስ 14 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ሁለቱን ባንድ ሌሊት ማየት ለሁሉ አልተሰጠም። ከለንደን መስቀሉ ፈጽሞ አይታይም፤ ከኬፕ ታውን የሰሜን ኮከብ አይታይም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ጭልፋው ከአድማስ በታች ስለሚሆን ኦሪዮንን መፈለግ ነው። በመታጠቂያው ላይ የተደረደሩት ሦስት ከዋክብት ከምድር ወገብ ትይዩ ስለ ሆኑ በትክክል ለማለት በሚቻል አኳኋን ከምሥራቅ ወጥተው በምዕራብ ይጠልቃሉ። በኅዳር አጋማሽ የሚወጡት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወርዶ በማያውቀው ሜዳ ላይ የመሸበት ሰው አቅጣጫ ከሳተ፣ ምዕራቡ ሱዳን ነውና መንገዱን ብቻ ሳይሆን ወሰኑንም ሊስት ይችላል። በአጥቢያ ኮከብ ግን አይመራ፤ ዝሁራ ፕላኔት ስለ ሆነች ስፍራዋን ትለዋውጣለች።

ስማቸውም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዓለም ደነብ የሚለው ኮከብ ስሙ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ጅራት ማለት ነው፤ ግእዙም ጅራትን ዘነብ ይለዋል። አቅራብም በሁለቱ ቋንቋ ጊንጥ ነው፤ በዚያው በግንቦት ምሽት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ብቅ ይላል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲሄድ በዚሁ ቆላ፣ ያን ጊዜ ራስ ኤል ፊል ይባል በነበረው አገር አልፏል፤ የኮከብ መመልከቻ መሣሪያም ይዞ ነበር። ከኢትዮጵያ ያወጣው መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ስለ ብርሃናት አካሄድ ይናገራል፤ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው።

በ2019 ደግሞ፣ ይህም በፈረንጆቹ ነው፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ እንዲሰየም በፈቀደ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ ለደረሳት ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው ለሚዞረው ፕላኔት አቦል የሚል ስም አወጣች። ቡና ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ነው። ለዓይን ብቻ አይታይም፤ የሩቅ ማያ መነጽር ያለው ሰው በኅዳር ሌሊት ወደ ሰሜን ከፍ አድርጎ ይፈልገው።